መስኮት ዘጊዋ አክስቴ

ሰው የሚለያየው በሀብት ወይም በትምህርት የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በዚህ ከተማ ሰው ሁለት ነው፤ መስኮት ከፋችና መስኮት ዘጊ። ሁለቱ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ከተገናኙ እሳትና ጭድ ናቸው።

የዘጊዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ ክብርት አክስቴ ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ላብ ቢያጠምቀውም እጃቸውን በትከሻው ላይ አሳልፈው መስኮቱን ይዘጉበታል። "ንፋስ ሰው ይገድላል" ይላሉ፤ ክርክር አበቃ። ጎረቤታችን በስኳር በሽታ ሲሞት እንኳ ለቅሶ ደርሰው የሟች አልጋ መስኮት ሥር እንደነበር አጣርተው ተመለሱ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ደግሞ ክፍሉን ጥርቅም አድርገው አስዘግተው፣ ሐኪሙ ኮቱን አውልቆ ነው የመረመራቸው።

አክስቴ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው፤ እኔ ደግሞ ከፋች ነኝ። ትንሿ ልጄ አስም አለባት፤ አየር ታግኝ ተብያለሁ። ማለቱ ቀላል ነው። ከተማችን እንደ ጉድ እያደገች ነው፤ በግራ የሚሠራው ፎቅ ሲሚንቶውን ይልክልናል፣ በቀኝ አሮጌ የጭነት መኪኖች ጥቁር ጭስ እየተፉ ያልፋሉ። ቢሆንም እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይዘጋሉ። የመስኮቱ ማጠፊያ እስኪላላ ድረስ ተዋጋን።

ከዚያ፣ ከእኛ ፎቅ ሥር የሚሠራው ባለ ብየዳ ጀነሬተር ገዛ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ፊት ለፊት የሚያየው የእኛን መስኮት ነው። ወደ ጣሪያ እንዲያዞረው ለምኜው ነበር፤ ነገ፣ ነገ ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ ተነሳ። መስኮቱ ተዘግቶም ጭሱ በስንጥቁ እየሾለከ ቤቱን ሞላው። ልጄ ሳለች፤ ቀጥሎ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። መድኃኒቷን ሰጠኋት፤ ለውጥ የለም። በያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻዋ እየተነሳ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ቀረች። ይዣት እንዳልወጣ ደረጃው የሚወርደው በጀነሬተሩ አጠገብ ነው። መስኮቱን በረገድኩት፤ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አክስቴ መልሰው ዘጉት። ያን ጊዜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮኽኩባቸው።

"ንፋስ አይደለም የሚገድላት፣ እትዬ። ጭሱ ነው። ያ ታች ያለው ጭስ ነው።"

ሁለት ሹራብ ደረቡ፣ ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ጠመጠሙ፣ ልጄን ግንባሯን ስመው በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። ተቀይመው ወደ ልጃቸው ቤት የሄዱ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ጸጥ አለ። በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ንፋስ እያፏጨ በሚያልፍበት በዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣ ክብርት አክስቴ ጀርባቸውን ለቱቦው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጭሱ ሹራባቸውን ሲያጠቁረው ባለ ብየዳው ደንግጦ ነው ያጠፋው።

"እማማ፣ ይነሱልኝ፤ ሥራ አለብኝ" ይላል።

"አልነሳም፣ ልጄ። ቱቦውን ወደ ላይ አዙረው። እስክታዞረው ንፋሱ ከገደለኝ ደሜ በእጅህ ነው።"

መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ሲንቀጠቀጡ አየና መፍቻውን አነሳ። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ፤ የልጄ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ተለቀቀ። ይግቡ ብዬ ብጣራ ሥራው ሳያልቅ ንቅንቅ አላሉም።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቃል፤ አሮጊቷ ባለ ብየዳውን በንፋስ አስፈራሩት ይባላል። እኔም ልስቅ ነበር። ግን ያን ዕለት ማታ ልጄ ተኝታ ሳለ ከመዳፏ ውስጥ የአክስቴን የሣጥን ቁልፍ አገኘሁ፤ ከአንገታቸው ወርዶ የማያውቀውን። ሲስሟት ነው ያስያዟት። አክስቴ ቀልድ አያውቁም። ንፋስ ሰው እንደሚገድል ከልባቸው ያምናሉ፤ አምነውም ወረዱ።