ከነአባቴ ስም ተዘፈነልኝ

ሁለት ሰዎች ሠላሳ ዓመት አብረው ስለኖሩ የሚጨበጨብላቸው ለምንድን ነው? እኔና የግራ ጉልበቴ ቁርጥማት አብረን ከቆየን ከዚያ ይበልጣል፤ ድንኳን የጣለልን የለም። የእኔ ትዳርማ አራት ዓመት ቆይቶ ሲያበቃ እንኳን ዘፈን፣ «ምን ነካችሁ» ያለ ጎረቤት አልነበረም። ሰው የሚያከብረው ጽናትን ነው ይባላል። ውሸት ነው። ሰው የሚያከብረው ድግስ የሚያወጣን ነው።

ይህን የምለው በጌታሁንና በፀሐይ ቀንቼ አይደለም። እንደዚያ የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እንዲያውም አሁን በዜማ ነው የሚሉኝ። እደርስበታለሁ።

ጌታሁን ማለት ዛሬ ከጅማ እስከ አጋሮ የታወቀ የቡና ነጋዴ ነው። ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ እሱ ይከተላል። ፀሐይ ሚስቱ ናት። ሁለቱ አስረኛ ክፍል ሳሉ ነው የተዋደዱት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተላቀቁም። እኔ ደግሞ የክፍላቸው አንደኛ ነበርኩ። አንደኛ መውጣት በአገራችን አንድ ጥቅም አለው፤ ደብተርህን ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ የሁለቱ ደብዳቤ የሚመላለሰው በእኔ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ነበር። ፀሐይን አንተም ትወዳት ነበር ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። አልወዳትም ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ወድጃት ቢሆን ኖሮ የደረሰብኝ ሁሉ ቢያንስ ምክንያት ይኖረው ነበር።

የደረሰብኝ ይህ ነው። አንድ ሰኞ የሒሳብ አስተማሪያችን ሳይታሰብ ደብተር ሰብስቡ አለ። ሰጠሁ። አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ደብተር ሲባል እጁ ከራሱ ይቀድማል። ከትሪጎኖሜትሪው መሐል የጌታሁን ደብዳቤ ወጣ። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው፤ የታጠፈ ወረቀት ሁሉ የሚያስጠይቅበት። ጌታሁን ፍቅሩን ለመሸፈን ብሎ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ጓዲት፣ ቅዳሜ በተለመደው ሰዓት፣ አወቱ ወንዝ ዳር። ማንም እንዳይሰማ። ጨረቃ ታውቃለች።» ርዕሰ መምህሩ ይህን በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አነበቡና የጻፈው ይውጣ አሉ። ጌታሁን ጫማውን ያይ ነበር። ፀሐይ ሳል ያዛት። እኔ ቀበሌ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፤ ሦስቱንም ቀን የተጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነበር። «ጨረቃ የማን የኅቡዕ ስም ነው?»

ሲፈቱኝ የጠባይ ውጤቴ ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ። በዚያ ዓመት ወደ ውጭ ለነፃ ትምህርት ከሚላኩት ስሜ ተሰረዘ። በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬአለሁ፣ አልካድኩም። ግን በሌላ አገር በረዶ ላይ ተንሸራትቶ መውደቅ የነበረበት ሰው ይኸው እዚሁ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ፣ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ አማርኛ ያስተምራል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሁለቱ አንዳቸው «ተፈራ፣ በእኛ ምክንያት ነው» ብለውኝ አያውቁም። የጠበቅኩት ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልጆቻቸው ለሠላሳኛው የጋብቻ ዓመት «ለወላጆቻችን አዲስ ዘፈኖች ይሠሩ» አሉ። ሳሚ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ተያዘ። ሳሚ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱንም ባይሠራቸው ይሻል ነበር። የሆነ ሆኖ «የዓይን ምስክር» ፍለጋ ቤቴ መጣ። ያሳየኝ የመጀመሪያው ዘፈን እንዲህ ይል ነበር፤

ከአስረኛ ክፍል ከዴስኩ ጀምሮ፣
ፍቅራቸው እንደ ጅማ ቡና ሥር ሰዶ በቅሎ አድሮ።

የሁለተኛው ስንኝ ጫፍ እንደ ረጅም ሰው እግር ከአልጋ ውጭ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ነገርኩት። አልተቀየመም። «ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ስንኙን ተዉትና ሌላ ችግር አለብኝ» አለ። «ስቶሪው አሪፍ ነው፤ ግን ኮንፍሊክት የለውም። ሁሉም ሰው ስለነሱ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የሚያወራኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አስተማሪነት ክፉ በሽታ ነው። በአማርኛ ዘፈን ፍቅር ብቻውን አይቆምም አልኩት። ምቀኛ ገፍቶት ሳይወድቅ ሲቀር ነው ፍቅር የሚሆነው። አባቶቻችንስ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚሉት ለምን ይመስልሃል? ሳሚ ይህንን በደብተሩ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከዚያ የራሴን ነገርኩት። ደብተሩን፣ ጨረቃን፣ ቀበሌውን፣ ስኮላርሺፑን። በዚያው ጌታሁን በፈተና ከማን ይገለብጥ እንደነበረ፣ ፀሐይ ፊደል ስትጽፍ ምን ያህል ግድፈት እንዳላት፣ ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩትም ሌላ የሚወስዳቸው ስለጠፋ እንደሆነ አከልኩለት። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስንለያይ ዘፈን ውስጥ አስገባኝ አልኩት፤ እውነቱ በሕዝብ ፊት ይሰማ። «ይገባሉ ጋሼ፣ አብሽሩ!» አለኝ። ተፈራ ብለህ ብቻ እንዳታልፍ፣ ጅማ ውስጥ ስንት ተፈራ አለ፣ ከነአባቴ ስም ጥራኝ ብዬ መታወቂያዬን አውጥቼ አሳየሁት። ፊደሉን እንዳይስት ራሴ በደብተሩ ላይ ጻፍኩለት፤ ተፈራ አያሌው።

ቅዳሜ ከሰዓት አወቱ መንደራ እነጌታሁን ቤት ተጠራን። ድንኳኑ መንገዱን ግማሽ ይዞታል። የሁለት ገጽ ንግግር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ «ምንም አይደለም፣ ያለፈ ነገር ነው» የምልበት። ልበ ሰፊ ሆኜ ልታይ ነበር ያሰብኩት። ፀሐይ በር ላይ አገኘችኝና «ተፌ! አንተ ደግሞ ፊትህን ፍታ እንጂ፣ ለቅሶ እኮ አይደለም» አለችኝ። ከጄኔሬተሩ አጠገብ አስቀመጡኝ።

አንደኛው ዘፈን አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ላይ ሳሚ ማይኩን ጨብጦ «በዚህ ፍቅር ታሪክ ውስጥ ያሉ አንድ ሰው መሐላችን ይገኛሉ! ተፈራ አያሌው፣ ይነሱልኝ!» አለ። ተነሣሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ግራና ቀኝ እጅ ነሣሁ። ተጨበጨበ። ኪቦርዱ ቀጠለ፤

ደብዳቤውን ወስዶ ላለቃ የሰጠ፣
ተፈራ አያሌው በቅናት ቀለጠ።

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ «ኧረ ቀለጠ!» አለ። እኔ ገና ከሁለተኛው እጅ መንሣት አልተቃናሁም ነበር።

የሙያ ነገር ሆኖ መመስከር አለብኝ። በዚያ ከሰዓት ከተዘፈነው ሁሉ ቤት የመታው፣ ምጣኔው ያልተሰበረው ይህ ስንኝ ብቻ ነው። ስድስት ስድስት ሆኖ፣ እንደ ሚዛን። የአባቴ ስም ደግሞ ቦታው ላይ ልክክ ብሏል።

ሳሚን በእረፍት ያዝኩት። ይህ ነው ወይ እውነቱ? ሰጥቼ ሳይሆን ተሰብስቦብኝ አይደለም ወይ? «ጋሼ፣ ደብተሩን ራሴ ነኝ የሰጠሁት አላሉኝም?» አለ። «ደግሞ ዘፈን ያለምቀኛ አይቆምም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከተማውን ዞሬ ዞሬ እነሱን የማይወድ ሰው ያገኘሁት እርስዎን ብቻ ነው። ማንን ላድርግ?»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጌታሁን ማይኩን ተቀበለ። ዕንባ አቅርሯል። «ወገኖቼ፣ የልጅነት ነገር ነው» አለ። «እኔና ፀሐይ ዛሬ፣ በእናንተ ፊት፣ ተፈራን ይቅር ብለነዋል!»

እልልታው ጄኔሬተሩን ዋጠው። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሐጂ «ማሻአላህ! ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው። ተነሥ ልጄ፣ ሳመው» ብለው በክርናቸው ገፉኝ። ጌታሁን መጥቶ በሆዱ በኩል አቀፈኝ። በጆሮው፣ በሰልፉ ቀን ጫማህን ስታይ ነበር አልኩት። «ተፌ፣ ዘፈን ነው፤ አታካብደው» አለኝ፣ እሱም በጆሮዬ። ፀሐይን አየኋት። እሷም ጫማዋን ታያለች። አዲስ ጫማ ነው።

ማይኩ አፌ ሥር መጣ። ንግግሩ ኪሴ ውስጥ አለ። ጀርባው ላይ እውነቱን ለመጻፍ እንኳ ቦታ ነበረው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያጠራቀምኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ከአፌ የወጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ነበር። ይበልጥ እልል ተባለ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ለዚህ ነው።

ዘፈኑ በፍላሽ ተቀድቶ ከተማውን አዳረሰ። አሁን ባጃጅ ውስጥ ይዘፈናል፣ ሠርግ ላይ ይጨፈርበታል። ተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ያንጎራጉሩታል፤ ዘወር ስል ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ።

ባለፈው ሳምንት ለፈተና ቁጥጥር አሰንዳቦ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ከፈቱት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዋላሂ፣ እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው! የሁለት ልጆች ፍቅር ምን አደረገው? ይሄ ተፈራ አያሌው የሚሉት በሕይወት አለ?»

«አለ መሰለኝ» አልኳቸው። «ይተዉት እናቴ፤ ይቅር ብለውታል።»