ቦልቴና ጭነት የማያውቀው አህያ

ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የዚያን ሰው አፍ ማዘጋት የቻለ ከተማም የለም። የእኛ የሶዶዎቹ ክቡር አቶ ቦልቴ ናቸው፤ በአፋር የጨው ሜዳ ዳር ባለ የጎብኚዎች የድንኳን ካምፕ ምግብ አብሳይ። ፈረንጆቹን የወላይታን ዳታ በርበሬ ያስለመድኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ሙቀቱ ሲከፋ ካምፑ ይዘጋል፤ ጋሽ ቦልቴ ይመጣሉ፤ ወሬው ይከፈታል።

"ምድሩ ነጭ ነው፤ ጫፍ የለውም። ጎህ ሲቀድ ከዚያ ንጣት ውስጥ የዱር አህያ ብቅ ይላል። ጭነት የማያውቅ! እግሩ ላይ ጥቁር መስመር አለው። በዓይኔ በብረቱ!"

በየክረምቱ መስመሩ ይደምቃል፣ ጆሮው ይረዝማል። አምና ጆሮው ከጎረቤታችን ከተማ ከአረካ ሊታይ ምንም አልቀረውም።

ባለሱቁ አብዱልመጂድ ግን አይምርም። "አህያ ለማየት አፋር ድረስ? ገሱባ ገበያ ብትሄድ መንገድ ዘግቶ ታገኘው የለም? ለመሆኑ ፎቶውስ?"

"በሊጥ እጅ ስልክ ይያዛል እንዴ?"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ቦልቴ ተነስተው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አህያው ትንፍሽ አላሉም፤ ከተማው ጭር አለብኝ። ስለዚህ ካምፑ ሲከፈት ምስክር ልሆናቸው አብሬ ሄድኩ።

የጨው ሜዳው ነገር እንዲህ ነው፦ ድሮ ባሕር ነበር፤ ውሃው ተነነ፤ ጨው ቀረ። ይህን አውቄ ነው የሄድኩት። እዚያ ስቆም ግን ማወቄ ምንም አልረዳኝም። ምድርና ሰማይ የሚለያዩበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ማንም ሳያዘኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

በነጋታው ማለዳ አስጎብኚው ናኦል "መጣ!" ብሎ አንሾካሾከ። ወደ ማብሰያው ድንኳን ሮጥኩ።

"ጋሽ ቦልቴ፣ ቶሎ ይውጡ!"

"ቂጣው ያርርብኛል።"

"ተዋቸው" አለ ናኦል። "አህያው ሲመጣ እሳቸው ሁልጊዜ ቁርስ ላይ ናቸው። እስከ ዛሬ አይተውት አያውቁም።"

ዞሬ አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ከነሊጡ እጃቸውን ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው። "ዛሬስ ይረር!"

ከነጩ ውስጥ መጀመሪያ ጆሮ ወጣ፤ ከዚያ ግራጫ አንገት፤ ከዚያ እግር። ጀርባው ላይ አንድም የጭነት ጠባሳ የለበትም። ዕድሜዬን ሙሉ በአህያ መካከል ኖሬ አህያ አይቼ አላውቅም ኖሯል። ቆሞ ተመለከተን።

ጋሽ ቦልቴ ክንዴን ጨበጡ። "እውነትም መስመር አለው" አሉ።

ለገና ሶዶ ስንገባ አብዱልመጂድ ከሱቁ ደጃፍ ጠበቀን። "እህ ጋሼ፣ አየኸው ታዲያ?"

ጋሽ ቦልቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ግን ጠፋቸው። ዓይናቸው ብቻ እንባ አቀረረ።

"ስንቴ ነው የሚነግሩህ?" አልኩት እኔ። "ከድሮም ጀምሮ አይተውታል፣ በዓይናቸው በብረቱ!"