እመት እንባ እና ጉድጓድ ቆፋሪው

በየቤቱ አንድ አለ። ጎረቤት ሲሞት ወንበር የሚደረድር፣ ወረቀት ላይ ለሞተ ሰው ግን ዓይኑ እስኪያብጥ የሚያለቅስ። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ወይ ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ የለም፣ ወይ አልቃሹ ራሱ ነው።

በውሃ ፓምፕ መካኒኩ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ባለቤቱ ናቸው። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። «እመት እንባ» የሚለውን ስም ያወጣችላቸው የመካኒኩ ታላቅ እህት ናት። ስሙ ስለ ሰመረላቸው እኛም በማዕረጋቸው እንጠራቸዋለን።

እንዴት እንደሚያነቡ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የመካኒኩ ጭንቀት አይገባም። መጽሐፉን ከስፌት መኪናው ጀርባ ግድግዳው ላይ ያስደግፉታል። ገጹን በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል። እግራቸው ፔዳሉን ይረግጣል፣ እጃቸው ጨርቁን ይገፋል፣ ዓይናቸው ግን ከመጽሐፉ አይነሣም። እንዲህ ሆነው የሰፉት እጅጌ ደግሞ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ብዙ ሰው ቆሞ አይቶታል፤ ምስጢሩን ያገኘ የለም።

መካኒኩ በበኩሉ ሞተርን በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው። ፓምፑን ሳይፈታ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰምቶ፣ «ኩሽኔታው ሄዷል» ይላል፤ ሄዶም ይገኛል። ከተጋቡ ጀምሮ ይህንኑ ጥበብ ቤቱ ውስጥ ይሠራበታል። የስፌት መኪናው ረዘም ብሎ ወጥ በሆነ ድምፅ ከሮጠ፣ ደራሲው ተራራና ወንዝ እየገለጸ ነው። ሮጥ ቆም፣ ሮጥ ቆም ካለ ሰዎች እያወሩ ነው። ጭራሽ ጸጥ ካለ አንድ ሰው ሞቷል፤ ያኔ በእግር ጣት መሄድ ነው። ከጸጥታው በኋላ እንደ እብድ ከጋለበ ግን አንድ ወንድ አንዲትን ሴት በድሏል ማለት ነውና፣ መካኒኩ ኮቱን አንሥቶ ቢወጣ ይሻለዋል።

አንድ ቀን ሳይወጣ ቀረ። ሻይ ቀረበለት። ቀመሰው፤ ስኳር የለውም።

«ስኳር አልቋል እንዴ?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

«የልጆቹን እናት እንዲህ ሜዳ ላይ የጣለ ሰው ስኳር ያምረዋል?»

«ማነው እሱ?»

«አታውቀውም» አሉ እመት እንባ ሽቅብ ቁልቁል እያዩት። «ግን ትመስለዋለህ።»

ሌላ ጊዜ አንዲት ሙሽራ ቀሚስ ልትለካ ከእናቷ ጋር መጣች። እመት እንባ ተንበርክከው፣ ስፒሎቻቸውን በከንፈራቸው ይዘው፣ የቀሚሱን ጫፍ ሲያጥፉ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሸርተት አለ። ወዲያው እንባቸው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። የሙሽራዋ እናት አየች። ባዳ እንዲህ ከሆነ እኔ እናቷ ምን ልሁን ብላ እሷም ጀመረች። ሙሽራዋ እናቷን አይታ ተከተለች። ሦስቱ ተቃቅፈው ተላቀሱ። እመት እንባ ያለቀሱት ባሕር ለበላው የመርከብ ወጥ ሠሪ እንደነበር እናትና ልጅ እስከ ዛሬ አያውቁም። የሰፊዋን ደግነት ለሚያውቋቸው ሁሉ ሲያወሩ ይኖራሉ።

የገዛ አባታቸው የሞቱ ዕለት ግን እመት እንባ አንዲት ዘለላ አልጣሉም። ወንበር ደረደሩ። ለመጣው ሰው ውሃ አዳረሱ። ራሷን ስታ የወደቀች እህታቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው ያረፈደውን ሹፌር በስልክ ተቆጡ። የመካኒኩ እህት ይህን አልረሳችም። «ለወረቀት ጎርፍ፣ ለሥጋ ድርቅ» ትላለች።

እንግዲህ መካኒኩ አንድ ሰኞ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነበር። አንጀቱ ላይ እባጭ ተገኝቷል። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እናወጣዋለን። ምን እንደሆነ የምናውቀው ከወጣ በኋላ ነው። የቤተሰብ ሰው ይዘው ይምጡ» አለው።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆሞ አዳመጠ። የስፌት መኪናው ጸጥ ብሏል። አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። «ዛሬ አይሆንም» አለ በልቡ፣ ጫማውንም አውልቆ ገባ።

መጽሐፉ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ሁለቱም ጉድጓድ ቆፋሪዎች ናቸው፤ በመሬት ተኳርፈው ለዓመታት አይነጋገሩም። ዕለቱን የሞተችው እናታቸው ናት፣ ሳታስታርቃቸው።

የእባጩን ነገር የነገረው ለእህቱ ብቻ ነው። እሷም በየቀኑ ትደውላለች።

«ነገርካት?»

«ምዕራፉ አልተመቸም፣ እቴቴ።»

«ምኑ?»

«እናትየዋ ገና መሞቷ ነው።»

«የማን እናት?»

«የጉድጓድ ቆፋሪዎቹ።»

«ወንድሜ፣ እባጩ አንጀትህ ላይ ነው ወይስ ጭንቅላትህ ላይ?»

«ትደነግጣለች ብዬ እኮ ነው።»

«ምን ያስደነግጣታል? ወንበር ትደረድርልሃለች።»

ቀልድ ነበር፤ ግን ወጋው። ምክንያቱም እውነተኛው ፍርሃቱ ሁለት ስለት ነበረው። ብታለቅስ፣ ለመርከብ ወጥ ሠሪ እንዲህ የሆነች ሴት ለባሏ ምን ልትሆን ነው? ባታለቅስስ? ባታለቅስ ይብስ ነበር። ያቺን ደረቅ ዓይን የሚያውቃት ከአማቱ ቀብር ነው።

«እስከ ረቡዕ ካልነገርካት እኔ መጥቼ እነግራታለሁ» ብላ እህቱ ስልኩን ዘጋች።

ስለዚህ መካኒኩ መላ ዘየደ። ቱቦ የሚፈታ ሰው አስቀድሞ ውሃው የት ላይ እንደሚቆም ያያል። እሱም መጽሐፉን ቀድሞ አንብቦ ደረቅ ምዕራፍ ሊፈልግ ወሰነ። እመት እንባ ከደንበኛ ጋር ሳሎን ሲሆኑ መጽሐፉን ከመቆንጠጫው ያወጣና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቆልፋል።

መጀመሪያ ያነበበው እንደ መካኒክ ነው። «ይኼን የመሰለ አሸዋማ አፈር ያለ ድጋፍ ይቆፈራል?» እያለ በደራሲው ተበሳጨ። ከጥቂት ገጾች በኋላ ስለ ድጋፉ ማሰብ አቆመ። ታናሹ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ አፈሩ ሲደረመስበት፣ መካኒኩ በባልዲ ላይ ተቀምጦ እግሩ ደንዝዟል፣ እሱ ግን አልታወቀውም። መንደሩ ተስፋ ቆርጦ ወደየቤቱ ሲገባ፣ ያ ያኮረፈው ታላቅ ወንድም ብቻውን ይቀራል። በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ገመድ ወደ ታች እየላከ፣ ለዓመታት ከአፉ ያላወጣውን የታናሹን ስም ይጠራል። መካኒኩ የመጨረሻውን ገጽ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ይዞ አነበበ። ከዚያ እንደገና አነበበው።

በሩ ተንኳኳ። «ምነው ቆየህ?»

«ሆዴን ነው» አለ። አልዋሸም።

ያም ሆኖ ደረቅ ምዕራፍ አገኘ። ከመደርመሱ በፊት የታናሹ ሰርግ አለ። ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ማንም የማይሞትበት። እመት እንባ እዚያ ሲደርሱ ለመናገር ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ክፍሉ ገባ። እሳቸው ግን ፊታቸውን በአንድ ደንበኛ ኮት ገበር ሸፍነው እየተንሰቀሰቁ ነበር።

«ሰርግ እኮ ነው» አለ ሳያስበው።

ገበሩ ዝቅ አለ። «ሰርግ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አይ... ፊትሽ የሰርግ ይመስላል ብዬ።»

«የሰርግ ፊት ይኼ ነው?» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ታላቅየው አልተጠራም። አጥሩ ጋ ቆሞ የወንድሙን ዘፈን ይሰማል። ጨዋታው ሲያበቃ ከውጭ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው፣ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። አንተ ሰው የሚያለቅሰው ሰው ሲሞት ብቻ ይመስልሃል?»

መካኒኩ ያንን ገጽ አንብቦታል፤ አጥሩ ጋ የቆመውን ሰው ግን አላየውም። በማግስቱ ተመልሶ ገብቶ ፈለገው። በአንድ መስመር ውስጥ ቆሟል። ጆሮው እስከ ዛሬ ያላወቀው ድምፅ እንዳለ ያኔ ገባው፣ ደረቅ ምዕራፍ የሚባል ነገር እንደሌለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እህቱ መጣች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሳሎን ተቀመጠችና ዓይኗን ወንድሟ ላይ ተከለች። ከውስጥ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፤ ሮጥ ቆም፣ ሮጥ ቆም። ከዚያ ጸጥ አለ። መካኒኩ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሱ አወቀ። ከመጽሐፉ ሁሉ የከፋው ገጽ ነው። እህቱ ተነሣች። እሱ ቀደማት፤ እሷም ተከትላው በሩ ላይ ቆመች።

እመት እንባ ዞር አላሉም። «ጉድጓዱ ተደረመሰበት» አሉ በታፈነ ድምፅ።

«እኔም ነገ ኦፕሬሽን ልደረግ ነው» አለ መካኒኩ። «አንጀቴ ላይ እባጭ አለ። ምንነቱ ገና አልታወቀም።»

ከዚህ በኋላ አንቱታው ለጊዜው ይቅር። ክፍሉ ውስጥ የቀረችው ሚስቱ ብቻ ናትና። ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አውጥታ ስፒል መሰኪያው ላይ ተከለች። መጽሐፉን ዘጋች። ስትዞር ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ያ ግን የጉድጓድ ቆፋሪው ነው። እያየው ደረቀ። ሌላም አልመጣም።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ያለፈው ሳምንት ሰኞ።»

«እኔ ለሰው ኩርፊያ ሳነባ፣ አንተ ይኼን ይዘህ በር ላይ ቆመህ ታየኛለህ።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ...»

«እኔ መቼ ደንግጬ አውቃለሁ?» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «በስንት ሰዓት ነው? የትኛው ሐኪም? ከማታ ጀምሮ አትብላ ብለውሃል? ፒጃማህ ቁልፍ የለውም፤ አምጣው። እቴቴ፣ እዚያ ከቆምሽ አይቀር ያቺን ቦርሳ ከቁም ሣጥኑ አውርጂልኝ።»

መካኒኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ቁልፉን ስትተክል አያት። እጇ አልሳተም። ወንበሮቹ ሲደረደሩ ታየው።

በማግስቱ ሐኪሙን አቁማ ጠየቀችው። የት ይቀደዳል፣ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ በምን ይሰፋል። ስለ ስፌቱ ስትጠይቅ ሐኪሙ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ተራው እስኪደርስ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ መጽሐፉን ከቦርሳው አወጣች።

«አሁን?» አለ መካኒኩ።

«ታዲያ ጣራ ልታይ ነው?»

ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ረጅሙን እያሳጠረች አነበበችለት። የጎረቤት አልጋው ሽማግሌ «ልጄ፣ እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አሉ። ከመስኮቱ ሥር የተኛው ወጣት እናትየዋ ስትሞት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷ ግን በደረቁ ነው የምታነበው፣ እንደ ዜና አንባቢ። ሰርጉን አለፈች፤ አጥሩን አለፈች፤ ጉድጓዱን ደረመሰች።

«አታለቅሺም?» አላት ቀስ ብሎ።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

መንደሩ ወደየቤቱ ገባ። ታላቅየው ገመዱን ወደ ታች ላከ። ስሙን ጠራ። የክፍሉ በር ተከፈተ፣ የሚገፋ አልጋ ይዘው ሁለት ነርሶች ገቡ። እሷ መጽሐፉን ዘጋችው።

«ምነው፣ ጨርሺው እንጂ» አሉ ሽማግሌው።

«የቀረው ሲወጣ ነው።»

«ወጣ ወይስ ሞተ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አላት መካኒኩ፣ እየተጋደመ።

«አልነግርህም።» ጎንበስ ብላ የፒጃማውን ቁልፍ አስተካከለች፤ ምንም አልተዛነፈም ነበር። «ማወቅ ከፈለግህ ተመለስ።»

መካኒኩ መጨረሻውን በቃሉ ያውቀዋል። ሲገፉት አንገቱን አዙሮ አያት። መጽሐፉን በሁለት እጇ፣ ሰው እንደሚነጥቃት ሁሉ፣ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ያኔ ነው የሆነ ነገር የገባው። ይህች ሴት ገመድ እየላከች ነው። «እሺ፣ እመለሳለሁ» አላት።

ሲነቃ መጀመሪያ የሰማው የሐኪሙን ድምፅ ነው። «ወጥቷል። ሲታይ ክፉ አይመስልም፤ ውጤቱ ሲመጣ ቁርጡን እንነጋገራለን» እያለ ነበር። እሷ «ይድገሙልኝ» አለችው፤ ደገመላት። ከዚያ ወንበር ሲሳብ ሰማ። አንድ ወንበር፣ ወደ እሱ።

ምላሱ እንደ ጨርቅ ከብዶታል። ቢሆንም ገፋው።

«ሰውየውስ?»

«የትኛው?»

«ጉድጓዱ ውስጥ ያለው። ወጣ?»

መጽሐፉን ከፈተች፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ደርሳ ቆመች። ከገጹ ጠርዝ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ። ግሪስ ነው። በቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣት ያለው አንድ ሰው ነው። አሻራውን አየች። አልጋው ላይ የተዘረጋውን እጁን አየች። መካኒኩ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቶሎ መጨፈኑም አስነቃበት።

የራሷን አውራ ጣት አሻራው ላይ አሳርፋ ሸፈነችውና አነበበች።

«መልስ አልነበረም። ገመዱን ደግሞ ላከው። እጁ ደክሟል። ሊተወው ሲል፣ ከታች፣ ቀስ ብሎ፣ ገመዱ ተሳበ።»

«እኔን» አሉ ሽማግሌው ከጎረቤት አልጋ።

«አላሰብኩትም ነበር» አለ መካኒኩ።

ያን ጊዜ እመት እንባ ግንባራቸውን በክንዱ ላይ ደፍተው፣ የሐኪም ቤቱ አንሶላ እስኪርስ ድረስ፣ አለቀሱ። መካኒኩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን አዳመጠው። ለማን እንደሆነ ለማወቅ መፍታት አላስፈለገውም።