ክቡር ቀስ በሉ

ሰው ገና ለመነሳት ሲያስብ "ብትወድቅስ?" ብሎ የሚቀድም አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። በእኛ ትምህርት ቤት ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት የጂኦግራፊ መምህሩ ናቸው። "ክቡር ቀስ በሉ" እንላቸዋለን። ደረጃ ስንወርድ "ቀስ በሉ"፣ ትኩስ ሻይ ስናነሳ "ቀስ በሉ"። ባለቤታቸው እንደነገሩን፣ የጋብቻ ጥያቄያቸውን እሺ ሲሏቸው እንኳ "ተይ፣ ቀስ ብለሽ አስቢበት" ብለዋል።

እኔ፣ የሒሳብ መምህሩና የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ትልቁን ተራራ እንውጣ ብለን ስንነሳ፣ መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለመንናቸው፤ እሺ አሉ፤ ከዚያ አሳራችንን አበሉን።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ነዱን። ልባችንና ሳንባችን ሳይታይ ጫማ መግዛትም ክልክል ሆነ። ጫማው ሲገዛ ደግሞ ክፍል ውስጥ ተጫምተነው እንድናስተምር ታዘዝን። "የሚያቆስላችሁ ከሆነ እዚህ ያቁስላችሁ፤ እዚህ ፋሻ አለ።" ቦርሳችንን ውኃ በሞሉ ጠርሙሶች ጠቅጥቀው የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሲያስወጡን፣ ተማሪዎቻችን ቅጣት መስሏቸው ከንፈር መጠጡልን።

ጉልበተኛው የሒሳብ መምህር ግን ደረጃውን በሩጫ ጨርሶ፣ "ጋሼ፣ በዚህ አያያዛችን ተራራው አርጅቶ ይጠብቀናል" አላቸው።

"ይጠብቃ፤ እሱ ምን ሥራ አለው?"

ተራራው ላይም ያው ናቸው። ጥቂት ወጥተን እናድራለን፤ ውኃ ያጠጡናል፤ "ራሳችሁን ያማችኋል?" ይላሉ። አንድ ጠዋት፣ ጫፉ ከፊታችን ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ የሒሳብ መምህሩ የጫማውን ክር ማሰር አቃተው። ክቡርነታቸው አጠገቡ ተቀመጡ።

"ሰባት ሲባዛ በስምንት?"

"እ... ቆይ" አለና በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ።

"ራስህን ያምሃል?"

"ትንሽ ነው ጋሼ። ከትናንት ጀምሮ። ጫፉ እኮ ይኸው።"

"የከፍታ ሕመም ነው፤ እንወርዳለን" አሉ። "ሁላችንም።"

አጉረመረምኩ። እሳቸው ግን የልጁን ቦርሳ በራሳቸው ቦርሳ ላይ ደርበው፣ "ልጄ፣ ተራራው ነገም አለ። ለእናቱ ምን ይዤላት ልሂድ?" አሉኝ።

ደግፈነው ብዙ ከወረድን በኋላ የሒሳብ መምህሩ ድንገት ቆመና "ሃምሳ ስድስት" አለ። መሬት ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ያን ጊዜ ነው የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ፣ "ጋሼ፣ ለመሆኑ ከጫፉ ላይ ምን ይታያል?" ያለቻቸው።

"እኔ ምን አውቄ?" አሉ ፈገግ ብለው። "በወጣሁ ቁጥር የሚታመም ሰው አይጠፋም። ይዤው እወርዳለሁ።"



በሚቀጥለው እረፍት ማንም ሳያዘን ቦርሳችንን ተሸክመን የትምህርት ቤቱን ደረጃ ወጣን፤ ከዚያም ወደ ተራራው ተመለስን። ተራራው ላይ የሒሳብ መምህሩ ሲያስነጥሰው እንኳ ሪፖርት ያደርግ ነበር። ጫፉ ላይ ልንደርስ ስንል ሦስታችንም ቆመን እሳቸውን አስቀደምን። ክቡርነታቸው ወጡ፤ ቆባቸውን አወለቁ፤ ዙሪያውን አይተው እንደ ሕፃን ሳቁ።

"ጋሼ፣ ደመና እየመጣ ነው፤ እንውረድ" አለ የሒሳብ መምህሩ።

"ትንሽ ብቻ" ብለው ለመኑት።

ትንሽ ሰጠናቸው። ስንወርድ ክንዳቸውን ያዝኩ። እንዳይወድቁ ነው አልኳቸው፤ እሳቸው እንደማይወድቁ ግን ሁላችንም እናውቃለን።