አምባው ለእረፍቱ ሲከራከር

(ሰኞ ጠዋት፣ ወረታ። ዐቃቤ ሕጉ አምባው ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቅዳሜና እሁድን ከባልደረባው ከወንዴ ጋር አንበሳሜ ከተማ ሄዶ የከብት ስርቆት ምስክሮች ሲያነጋግር ሰንብቶ የገባው ትናንት ማታ ነው። ለባከነበት እሁድ ማካካሻ እረፍት ካላገኘ፣ እናቱን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊወስድ የገባው ቃል ዛሬም ሊታጠፍ ነው። ይኸው እያንገበገበው ነው ያደረው። ወንዴ በሩ ላይ ቆሟል።)

አምባው፦ መኪና ውስጥ መተኛትም ሥራ ነው አልኩህ!

ወንዴ፦ ከሐሙሲት እስከ ወረታ እኮ አንኮራፋህ።

አምባው፦ አልጋዬ ላይ ነው ያንኮራፋሁት?

ወንዴ፦ ትከሻዬ ላይ።

አምባው፦ እንግዲህ! ሰው ወዶ አንተ ትከሻ ላይ ይተኛል? ሥራ አስገድዶት ነው እንጂ።

ወንዴ፦ መኪናው ሩዝ ማሳው ዳር ጭቃ ሲይዘው እኔ ስገፋ፣ አንተ እንቅልፍህን ስትለጥጥስ?

አምባው፦ እሱም ሥራ ነው። የማካካሻ እረፍት ለደከመ ሰው አይደለም የሚሰጠው፣ እሁዱን ለተቀማ ሰው ነው። ይህንን አቶ ሰውመሆን ፊት ገብቼ አስረዳለሁ። ኃላፊያችን ቢሆኑም አልፈራቸውም!

ወንዴ፦ ስለ አቶ ሰውመሆን እንኳ አንድ ነገር ልነግርህ...

አምባው፦ ሐሳቤን አትቁረጥብኝ።

ወንዴ፦ ውጪም የሚጠብቁህ ሰው አሉ።

አምባው፦ ባለጉዳይ ናቸው?

ወንዴ፦ ጉዳይስ አላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

አምባው፦ ማን መታቸው?

ወንዴ፦ ኧረ እርጅና ነው።

አምባው፦ እርጅናን በየትኛው አንቀጽ ልክሰሰው? ይጠብቁ በላቸው! ይልቅ ና፣ እዚህ ተቀመጥና አቶ ሰውመሆንን ሁንልኝ፤ ልለማመድብህ።

(ወንዴን ጎትቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ጉሮሮውን ጠረገ።)

አምባው፦ ክቡር ኃላፊ፣ ዛሬ ማካካሻ እረፍት እንዲሰጠኝ...

ወንዴ፦ ተፈቅዷል።

አምባው፦ ምን?

ወንዴ፦ ዛሬ እረፍት ነህ። ሂድ ወደ ቤትህ።

አምባው፦ ኃላፊ እንዲህ ይሆናል እንዴ? ተከራከረኝ እንጂ! "ጉዞ ሥራ አይደለም" በለኝ።

ወንዴ፦ ጉዞ ሥራ አይደለም።

አምባው፦ ነው! ካልሆነ እሁድን ከእናቴ ጎን ማን ነጠቀኝ? እኔ ነኝ የነጠቅኩት?

ወንዴ፦ እውነትህን ነው። ተፈቅዷል።

አምባው፦ ወንዴ! አንተን ሹመው ቢሆን ይህ መሥሪያ ቤት ወና ይቀር ነበር።

(ከደጅ የባጃጅ ጥሩምባ ተንጣጣ።)

አምባው፦ እኚያ ባለጉዳይ ባጃጁንም አቁመው ነው የሚጠብቁት?

ወንዴ፦ ባጃጁንስ የያዝኩት እኔ ነኝ። መናኸሪያ ላደርሳቸው።

አምባው፦ አንተ? ለባለጉዳይ? የጥቅም ግጭት የሚባል ነገር አልሰማህም?

ወንዴ፦ እናትህ ናቸው፣ አምባው።

(አምባው በመስኮቱ አየ። እናቱ እማማ ውባንቺ ፎጣቸውን ታቅፈው ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠዋል።)

ወንዴ፦ አቶ ሰውመሆን ትናንት ማታ ደውለው ለሁለታችንም ዛሬን እረፍት ሰጥተውናል። አንተ ጋ ቢደውሉ ቢደውሉ አታነሳም አሉ።

አምባው፦ በእሁድ የኃላፊ ስልክ ማንሳትም ሥራ ነው ብዬ አውቄ ዘጋሁት!

ወንዴ፦ ዛሬ ጠዋት ቤትህ ብመጣ የለህም። እሳቸው ግን ተሰናድተው ተቀምጠዋል። ይዣቸው መጣሁ።

አምባው፦ ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?

ወንዴ፦ ሁለቴ ፈቀድኩልህ፣ ሁለቴም ተቆጣኸኝ።

(አምባው አፈረ። ጃኬቱን አንስቶ ሊወጣ ብሎ ደግሞ ቆመ፤ ፊቱ በራ።)

አምባው፦ ቆይ፣ ቆይ! ዛሬ እረፍቴ ከሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ ገብቼ ስከራከር በእረፍቴ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ ማለት ነው። ይህም ይካካስልኝ! ተቀመጥና እንደገና ሰውመሆንን ሁን!

ወንዴ፦ (ቀድሞ ደጅ ወጥቶ) እማማ ውባንቺ፣ እኛ እንሂድ! ልጅዎ ሥራ ላይ ነው!

(ባጃጁ ተነሳ። አምባው በሩን እንኳ ሳይዘጋ ከኋላው ሮጠ።)

አምባው፦ ቁሙልኝ! እማዬ! ክሴን አንስቻለሁ!