ለማንም የማይካፈለው የክቡር አይሊፍ ቁጥር

በየሰፈሩ፣ ቁጥር ባየ ቁጥር እረፍት የሚያጣ አንድ ሰው አለ። የእኛው ክቡር አይሊፍ ብራትሴት ነው፤ ከትምህርት ቤት ጡረታ ቢወጣም ከሂሳብ ያልወጣ መምህር። የመኪና ሰሌዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የወተት ካርቶን ላይ የታተመችው ሳትቀር አታመልጠውም። እግሩ አይረጋ፣ ከንፈሩ አያርፍ፤ «ይካፈላል ወይስ አይካፈልም?» እንዳለ ነው።

ዳቦ ቤት ወረፋ ይዞ ዘጠና አንድ ቁጥር ደረሰው። «ይሄ አስመሳይ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ይመስላል እኮ። ግን ሰባት ጊዜ አስራ ሦስት ነው!» ይህንን ለወረፋው ሁሉ ሲያስረዳ ተራው አለፈው። የእህቱ ልጅ ስታገባ ደግሞ የሚዘመረው መዝሙር ቁጥር፣ 221፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሙሽሮቹ ቃል ሲገቡ «አስራ ሦስት ጊዜ አስራ ሰባት» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚስቱ ቶርዲስ ጎኑን ቆነጠጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ያገባህ ቀን ምን ስታካፍል ነበር?»

«ቀኑን» አላት፣ ምንም ሳያፍር።

ባለፈው ኅዳር እኔና እሱ ፊዮርዱን፣ በተራሮች መካከል የገባውን ጠባብ የባሕር ክንድ፣ በመንገደኞች ጀልባ ስንሻገር ማዕበል ተነሳ። መሃል ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስኒው ሁሉ ወለል ላይ ይንከባለላል። የነፍስ አድን ጃኬት ታደለን። እኔ እንደሆነ ድሮም ባሕር እፈራለሁ።

አይሊፍ ጃኬቴ ላይ የታተመውን ቁጥር ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። 73939133 ይላል።

«ስቬኑንግ! ምን እንደለበስክ ታውቃለህ?»

«ከፈኔን!»

«ዝም በል! ይሄ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከኋላው አንዷን ስትቆርጥ 7393913፤ እሱም ብቸኛ! እየቆረጥክ ሂድ፣ ሰባት ብቻዋን እስክትቀር ሁሉም ብቸኛ ናቸው። እንዲህ እየተቆረጠ የሚዘልቅ፣ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር የለም!»

«ልንሰጥም ነው እኮ አንተ!»

«እሺ፣ እስከዚያው 739ን ለሰባት አካፍል።»

እየተናደድኩ አካፈልኩ። አራት ተረፈ። ለአስራ ሦስት፣ አስራ አንድ ተረፈ። ለሃያ ሦስት፣ ሦስት። «አየህ፣ አንዱም እኩል አላካፈለውም!» አለና ወደ 7393 አሻገረኝ። ክንዴን የጨበጠበትን እጁን ያየሁት ያኔ ነው። እጅጌዬ እስኪጨማደድ አጥብቆ ይዞኛል።

«አንተም ፈርተሃል እንዴ?»

«መቼ ሳልፈራ ውዬ አውቃለሁ? በል፣ ለሰላሳ አንድ ስንት ተረፈ?»

«አስራ አምስት» አልኩና ክንዴን እንደያዘ ተውኩት።

ሞተሩ እያጓራ ተነሳ፣ ወደቡ ደረስን፣ ሰው እየተገፋፋ ወረደ። አይሊፍም ኮቱን ይዞ ብድግ ሲል እጅጌውን ጎትቼ አስቀመጥኩት።

«የት ልትሄድ? 7393ን የምንሞክርበት የመጨረሻው ቁጥር፣ ሰማንያ ሦስት፣ ይቀረናል።»

«ሰው ሁሉ ወረደ እኮ።»

«ይውረዳ!»

አካፈልነው። ስድስት ተረፈ።