አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የተከሰሰው ጎረቤት

ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ ሁሉ፣ ወንበር ቢጎድለው እንኳ አንድ የማይደክም ከሳሽ አያጣም። በፍትሕ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ለምትሠራው ወጣት ጠበቃ የደረሷት ደግሞ የከሳሾች ሁሉ አለቃ የሆኑ አንድ ጡረተኛ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። የቢሮው ሰው "ክቡር አቤቱታ" ይላቸዋል።

ክቡር አቤቱታ የሚከሱት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግድግዳ የሚጋራቸውን ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናው እንቅልፍ ይነሳል፤ ዶሮው ያለ ሰዓቱ ይጮኻል፤ የዛፉ ቅጠል እሳቸው ግቢ ይረግፋል። አንድ ጊዜማ "ሆን ብሎ በማፏጨት ሐሳቤን በትኖብኛል" ብለው ከስሰውታል።

"አባባ፣ ይሄ እኮ በሽምግልና ያልቃል" ትላቸዋለች ጠበቃዋ።

"ሕግ እያለ ምን ሽምግልና አመጣው? መዝግቢ ልጄ!"

ትመዘግባለች። መዝገብ ቤቱም ቀን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ያስቀምጣል። ጉዱ ግን ወዲህ ነው። የክቡር አቤቱታ ዓይን ደክሟል፤ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን የሚያወጣቸው፣ የክሱንም ወረቀት የሚያነብላቸው ተከሳሹ ራሱ ነው።

"ጋሼ፣ 'ነገረኛ' የሚለው ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ አንዱን ላስወጣው?"

"ተወው፣ ሁለቱም ይገባሃል!"

አንድ ሰኞ ግን ሽማግሌው ግድግዳ እየዳበሱ ብቻቸውን መጡ። ጠበቃዋ ክው አለች። ሰኞ ሰኞ የክሱን ነገር ሊጠይቁ የሚመጡትን ሁለቱን በጉጉት ስትጠብቅ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባት።

"ያንን ሰውዬ ሊያስወጡት ነው" አሉ፣ ሳይቀመጡ።

ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ልብስ ሰፊውን "አምና ሰብረህ የገባህ ነህ፤ አሥር ዓመት መኖርህን ካላስረዳህ ልቀቅ" ብሎታል። የኪራይ ውሉን ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ በልቶታል። አሁን አፍሮ ዕቃውን እየሸከፈ ነው።

"ምንም ሰነድ የለውም?"

"የለውም። ዝርክርክ ነው ብዬሽ አልነበር!" አሉና አቀረቀሩ።

ጠበቃዋ ትንሽ አሰበችና ብድግ ብላ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። አሥራ ዘጠኝ አቤቱታ ታቅፋ ተመለሰች። የመጀመሪያው እሷ ገና ተማሪ ሳለች፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የተመዘገበ ነው። ሁሉም "ከጎኔ ባለው ቤት የሚኖረው ልብስ ሰፊ" ብለው ይጀምራሉ፤ ሁሉም ቀንና ማኅተም አላቸው።

"አባባ፣ ክስዎ ምስክር ሊሆነው ነው።"

"ምነው" አሉ ሽማግሌው፣ "ምነው ሃምሳ ባደረግሁት!"

ጠበቃዋ ለልብስ ሰፊው አቤት ብላ ጉዳዩ ችሎት በቀረበ ቀን ዳኛው ወረቀቶቹን አገላብጠው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "ይህን ሁሉ ዓመት ከከሰሱት ሰው ጋር ዛሬ ምን አቆመዎት?"

"ክቡር ፍርድ ቤት" አሉ ክቡር አቤቱታ፣ "ባለቤቴ የሞተች ዕለት መጀመሪያ በሬን ያንኳኳ እሱ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ደኅና አደሩ ሳይለኝ የዋለበት ቀን የለም። እሱ ከሄደ እኔን ማን..."

ልብስ ሰፊው ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ተወሰነ።

ከችሎት ሲወጡ ልብስ ሰፊው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ?"

ሽማግሌው ትከሻውን ዳብሰው አነሡት።

"ዝም ብለህ ኑርበት" አሉት።